ጣና ምድር ወገብ ላይ ሳለ

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የካርታ ቅጠል ተዘርግቷል። ዓባይ ከጨረቃ ተራሮች ሥር ይነሣና እንደ ተፈታ መቀነት እየተጣጠፈ ወደ ላይ፣ ወደ ግብፅ ይሄዳል። በቀኝ በኩል ቀይ ባሕር፣ በባሕሩ ዳር አዱሊስ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ደግሞ አክሱም አለ። ከአክሱም ጣቴን ወደ ታች ስወስድ አንድ ክብ ሐይቅ አገኛለሁ። ስሙን ኮሎኤ ይለዋል። ከእሱ የሚወጣው ወንዝ አስታፑስ ነው፤ ብዙ ሊቃውንት አስታፑስ የእኛው ዓባይ፣ ኮሎኤም ጣና ነው ይላሉ። ሐይቁ የተቀመጠው ግን ምድር ወገብ ላይ ነው።

ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከፋሲል ግንብ አናት ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው ጣና በሩቁ ይታየዋል። ሐይቁ ያለው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ነው። ካርታው ከቦታው አንሥቶ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ወስዶታል። ይህን ስሕተት ያየሁ ዕለት ወረቀቱን ጠቅልዬ ላስቀምጠው ነበር። ኋላ ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ፤ ጣናን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ እስክንድርያ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ሐይቅ መኖሩንና ወንዙ ከሐይቁ መውጣቱን ከማን ሰማ? ከዚያ ወዲህ የሮምን ዓለም የሚያሳዩ ጥንታዊ ካርታዎችን ቅጂ የማሰባስበው ይህን ጥያቄ ይዤ ነው። ከዚህ በታች ያለውም ዳሰሳ የሚመላለሰው በእሱ ዙሪያ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በአውሮፓ የጥንት ካርታ መሰብሰብ የቆየ ልማድ ነው። የሮም ዓለም ካርታ ሲባል ግን ብዙዎች ካርታው በሮማውያን እጅ የተሣለ ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለ ካርታ ለዘመናችን የደረሰ የለም ማለት ይቻላል። ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ዛሬ ቪየና የሚገኘውና በአንድ ባለቤቱ ስም የፖይቲንገር ሰሌዳ የሚባለው ነው። ርዝመቱ 7 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ቁመቱ ግን 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ የብራና ጥቅልል ነበር። እሱም ቢሆን በመካከለኛው ዘመን የተገለበጠ ቅጂ ነው። ዩኔስኮ በ2007 በዓለም መታሰቢያ መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ምድሪቱ በዚያ ጠባብ ብራና ላይ ተጨፍልቃ ባሕሩ ቦይ መስሏል፣ ዓባይም ጋደም ብሏል። የአገር መልክ የፈለገ ሰው ያዝንበታል። መንገዱንና በማደሪያዎቹ መካከል ያለውን ርቀት የፈለገ ግን ሁሉን ያገኛል። ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ተከዜ የሚሻገር መንገደኛም አገሩን የሚተርከው እንዲሁ ነው፤ ከዚህ ተነሥተህ እዚያ ታድራለህ፣ በማግሥቱ ወንዙን ታገኛለህ ይላል። የተራራው ቅርጽ በትረካው ውስጥ የለም፤ መንገዱ ግን ሳይጎድል አለ።

እስከ አገራችን የሚዘልቀው የሮም ዘመን ካርታ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውም፣ የክላውዲዮስ በጥሊሞስ ነው። በጥሊሞስ በ150 ዓ.ም. አካባቢ እስክንድርያ ውስጥ «ጂኦግራፊ» የተባለውን መጽሐፍ በግሪክ ጻፈ። የ8,000 ያህል ቦታዎችን ስም ከኬክሮስና ከኬንትሮስ ቁጥር ጋር ደረደረ። አክሱም በዚያ ዝርዝር ውስጥ የንጉሥ ቤተ መንግሥት ያለባት ከተማ ተብላ ገብታለች። መሬት ላይ ቆሞ የለካው ቦታ ጥቂት ነው። የቀረውን ያገኘው የነጋዴና የመርከበኛ የጉዞ ቀን እየቆጠረ፣ ቀኑን ወደ ርቀት እየመነዘረ ነው። መንገድ ሲጠማዘዝ፣ ገደል ሲያዞር፣ ክረምት ወንዝ ሲሞላና መንገደኛው ሳምንት ሲከርም ቀኑ ይበዛል። ቀኑ ሲበዛ ርቀቱ ይረዝማል። ጣናን ወደ ምድር ወገብ የገፋው ይህ ይመስለኛል። ከአዱሊስ ተነሥቶ የአገራችንን ገደል ወጥቶ ወርዶ ሐይቁ ዘንድ የደረሰ መንገደኛ ስንት ቀን ፈጀብህ ቢባል ብዙ ቀን ማለቱ አይቀርም። በጥሊሞስ ከዚህ ሁሉ የተቀበለው ቁጥሩን ብቻ ነው።

አስታቦራስ የሚለው ወንዝም ለጎንደር ሰው ሊያልፉት የማይገባ ነገር ነው። ዛሬ አትባራ የሚባለው ነው፤ ምንጩ ከጎንደር ብዙ አይርቅም፣ ስሜንን ዞሮ የሚሄደው ተከዜም ኋላ ከእሱ ጋር ይገናኛል። በጥሊሞስ ይህን ወንዝ ከዓባይ ጋር አገናኝቶ በመካከላቸው ሜሮኤን እንደ ደሴት ያስቀምጣታል። ተራሮቻችን ስም ሳይሰጣቸው ቢቀሩም ከእነሱ የሚወርደው ውኃ ካርታው ላይ አለ።

የበጥሊሞስ መጽሐፍ በምዕራብ አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ተረስቶ ኖሮ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ላቲን ተተረጎመ። ካርታ ያለው የመጀመሪያው ኅትመት በ1477 በቦሎኛ፣ ሁለተኛው በ1478 በሮም ወጣ። እነዚህ በመዳብ ሰሌዳ የተቀረጹ ናቸው። በ1482 በጀርመን ኡልም ከተማ የታተመው ግን በእንጨት የተቀረጸ ነው፤ ሰብሳቢዎችም ስለ ወፍራም መስመሩና ስለ ቀለሙ አብልጠው ይወዱታል። የእኛ አገር የሚገኘው በአፍሪካ አራተኛ ካርታ ላይ ነው። ካርታ ሠሪው መርካቶር በ1578 የበጥሊሞስን ካርታዎች እንደገና ቀርጾ ያሳተመ ሲሆን ሰሌዳዎቹ እስከ 1730 ድረስ ሲታተሙባቸው ኖረዋል። ለጀማሪ ሰብሳቢ ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አንድ ዓይነት ካርታ፣ ከአንድ ሰሌዳ የወጣ፣ በዕድሜ ግን 150 ዓመት ሊለያይ ይችላል።

ጠረጴዛዬ ላይ ወዳለው ቅጠል ልመለስ። ውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ ነው ገዝቶ የላከልኝ። ሻጩ የ16ኛው መቶ ዘመን ዋና ቅጠል ነው ብሎታል። መጀመሪያ በማጉያ መነፅር ሐይቁን አየሁት። ሰማያዊው ቀለም በአንድ ጊዜ በብሩሽ የተቀባ አልነበረም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ ነጠብጣቦች ተደራርበው ከሩቅ ሰማያዊ የመሰሉ ነበሩ። ይህ የዘመናችን ማተሚያ ቤት ሥራ ነው። ከመዳብ ሰሌዳ የወጣ ካርታ መስመሩ ጥቁርና ያልተቆራረጠ ነው፤ ጣት ሲያርፍበት ቀለሙ ከወረቀቱ ብቅ ያለ ይመስላል፤ በዙሪያውም የሰሌዳው ጠርዝ ወረቀቱን ተጭኖ የተወው ስርጉድ አለ። ወረቀቱን ወደ መስኮት አንሥተው ሲያዩት በእጅ የተሠራበት ወንፊት የተወው ቀጫጭን መስመር፣ አንዳንዴም የወረቀት ሠሪው ምልክት ብርሃን ላይ ይወጣል። የእኔ ቅጠል ይህ ሁሉ የለውም። ዘመዴ በከፈለው ገንዘብ አዝኛለሁ፤ ነጠብጣቦቹ ግን ሐይቁ የት እንዳለ ከመንገር አላገዱኝም።

ስሜን ወደ ሮም ዓለም የገባው በካርታ ሳይሆን በድንጋይ ጽሕፈት ነው። በ525 አካባቢ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ነበር። ዐፄ ካሌብ ወደ ሂምየር ለመዝመት በሚዘጋጁበት ወራት የአዱሊስ ገዥ በንጉሡ ትእዛዝ በከተማዋ በር ያለውን የድንጋይ ዙፋን ጽሕፈት እንዲገለብጥ አዘዘው። ዙፋኑ ዛሬ የለም። የኮስማስ ግልባጭ ባይኖር ኖሮ ጽሕፈቱም አብሮት በጠፋ ነበር። ስሙ ያልቀረልን አንድ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች በግሪክ ይዘረዝራል። ከነዚህ መካከል ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ የሳሜኔ ሰዎች አሉ። ንጉሡ ወንዙን ዓባይ ይበለው እንጂ የአገሩ አቀማመጥ ተከዜ መሆኑን ይናገራል። የሳሜኔ ሰዎች የሚኖሩት ለመውጣት በሚያስቸግር ተራራ ላይ ነው፤ በዚያም በረዶና ውርጭ አይጠፋም፤ ሰው እስከ ጉልበቱ ይሰጥምበታል ይላል።

ይህን ክፍል ደባርቅ ወይም ጃናሞራ ላይ ያደገ ሰው ሲያነበው ማስረጃ አይጠይቅም። ሌሊቱን ሣሩ ነጭ ለብሶ ያድራል፣ ጠዋት ሲረግጡት ይሰበራል። በአማርኛ «በረዶ» ስንል ከሰማይ የሚወርደውንም መሬት ላይ ተጋግሮ የሚያድረውንም ነው፤ «ውርጭ» እና «አመዳይ» ለየራሳቸው ቦታ አላቸው። አውሮፓውያን ስለ ስሜን ሲከራከሩ ይህ የቃላት ነገር ሳያሳስታቸው አልቀረም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 መጀመሪያ ሊማሊሞን ወጥቶ ወደ ጎንደር ሲያልፍ ስሜንን ከዳር አየው፤ በተራራው ላይ በረዶ አርፎ እንደማይታይም ጻፈ። ከእሱ በኋላ የመጣው ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ የለም፣ አለ ብሎ ተቃወመው። በክርክሩ የአዱሊስ ድንጋይ ምስክር ሆኖ ቀረበ። ሁለት የ18ኛውና የ19ኛው መቶ ዘመን ምሁራን ያልተስማሙበትን ነገር አንድ የአክሱም ንጉሥ ከእነሱ ከ1,000 ዓመት በላይ ቀድሞ በድንጋይ አስጽፎት ነበር። የዳሸን ራስ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ በረዶ ቢታይ የሚያስደንቅ አይደለም። እኔን የሚያስደንቀኝ አገሩን ከሚያውቀው ሰው ቃል ይልቅ የአላፊ መንገደኛ ዓይን መታመኑ ነው።

ኮስማስ ራሱ ኋላ «የክርስቲያን የምድር ገጽታ» የተባለ መጽሐፍ ጽፎ የዓለም ካርታ ሣለ። ምድሪቱን እንደ ሙሴ ድንኳን አራት ማዕዘን አደረጋት፤ ዙሪያዋን ውቅያኖስ ከበባት፤ ከውቅያኖሱ ማዶ በምሥራቅ ገነትን አኖረ። በጥሊሞስን ያነበቡ የዘመኑ ሊቃውንት ምድር ክብ መሆኗን ያውቁ ነበር፤ ኮስማስ ግን ይህን ይቃወማል። ያን ያህል የተሳሳተ ካርታ የሣለው ይኸው ሰው ስለ አክሱም ነጋዴዎች ግን ትክክለኛ ወሬ ይነግረናል፤ ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ወደ ወርቁ አገር ሲሄዱ ንጉሡ በአገው ገዥ በኩል ሰዎቹን አብሮ እንደሚልክ ይገልጻል። የኮስማስን ካርታ ከያዙት የእጅ ጽሑፍ ቅጂዎች አንዱ፣ የ9ኛው መቶ ዘመኑ፣ ቫቲካን ይገኛል። ለሰብሳቢ የማይደረስበት ነገር ስለሆነ በጥሩ ፎቶግራፍ መርካት ነው።

የጥያቄዬ መልስ ጎልቶ የሚታየው ግን በ15ኛው መቶ ዘመን ጣልያን ነው። በ1441 ኢየሩሳሌም ያሉ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደ ፍሎረንስ ጉባኤ መጡ። ከዚያ በኋላ በተሠሩ ሁለት ካርታዎች ላይ አገራችን በአንድ ጊዜ ተለውጣ ትታያለች። አንደኛው የፍሎረንሱ ሠዓሊ ፒየትሮ ዴል ማሳዮ በበጥሊሞስ የእጅ ጽሑፎች ውስጥ የጨመረው፣ «አዲሲቱ ግብፅ» የሚል ስም የያዘው ካርታ ነው። ስሙ ግብፅ ቢባልም ሥዕሉ በአብዛኛው ሐበሻ ነው። ሌላው የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ1450ዎቹ የጨረሰው ዲያሜትሩ 2 ሜትር ያህል የሆነ ክብ የዓለም ካርታ ነው። ፍራ ማውሮ ደቡብን ከላይ ስላደረገው ኢትዮጵያ ከካርታው አናት አጠገብ ተቀምጣለች። ካርታው ላይ ራሱ እንደጻፈው በዚያ ምድር የተወለዱ የሃይማኖት ሰዎች አውራጃዎችን፣ ከተሞችን፣ ወንዞችንና ተራሮችን በገዛ እጃቸው ሥለው ሰጥተውታል። ዓባይ የሚለውን ስም በአገሬው አጠራር እናገኘዋለን። በጥሊሞስ ያልሰጠው ነገር ይህ ነው፤ ቦታው የራሱ ሰዎች በሚጠሩት ስም ተጠርቷል። እነዚያ መነኮሳት ስማቸው ካርታው ላይ የለም። በአንድ ቬኒሳዊ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው መስመር ሲያሰምሩ ይታዩኛል።

ካርታ ወደ እኛ ሲመጣ የታየበት አንድ ግልጽ ታሪክም አለ። በ1520 ከፖርቱጋል የመጣው ልዑክ ለዐፄ ልብነ ድንግል ካመጣው ገጸ በረከት መካከል የዓለም ካርታ ነበር። የልዑኩ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደሚተርከው ንጉሡ ፖርቱጋልንና እስፓኝን ፈልገው ካገኙ በኋላ አገሮቹ በካርታው ላይ ምን ያህል ትንሽ እንደሆኑ አስተዋሉ። እንዲህ ያለች ትንሽ አገር ቀይ ባሕርን ብቻዋን ከቱርክ ልትጠብቅ አትችልም፣ ሌሎቹም ነገሥታት ይተባበሩ የሚል አሳብ አቀረቡ። በካርታ ላይ ተመሥርቶ የተሰጠ እንዲህ ያለ ብልህ ፍርድ በታሪካችን ከዚህ የቀደመ አላውቅም። ካርታው ግን ጠፋ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣው የግራኝ ጦርነት ስንት ብራና እንደበላ ማን ይቆጥራል?

ካርታ ሠሪው አብርሃም ኦርቴሊየስ በ1573 ያወጣው የሐበሻ ካርታ ዛሬም በጥንት ካርታ ገበያ ከሚፈለጉት አንዱ ነው። ጥግ ላይ ዘሩን ከዳዊት የሚቆጥር የንጉሥ ማዕረግ ዝርዝር ተጽፎበታል፤ ንጉሡ ያው ልብነ ድንግል ናቸው። ጽሑፉ እንዲህ ከአገራችን የወጣ ቃል ይዞ ሥዕሉ ግን ወደ በጥሊሞስ ይመለሳል፤ ዓባይ ከምድር ወገብ ወዲያ ካሉ ታላላቅ ሐይቆች ይነሣል፣ የሐበሻም ግዛት እስከ ጨረቃ ተራሮች ድረስ ይረዝማል። ኦርቴሊየስ የሮምን ዓለም ለሚወዱ «ፓሬርጎን» የተባለ የጥንት ታሪክ ካርታዎች ስብስብ አዘጋጅቷል፤ የፖይቲንገር ሰሌዳም በ1598 የታተመው በእሱ ጥረት ነው። በእሱ ዘመን ጥንትና ዛሬ ገና አልተለያዩም ነበር። በአንድ አትላስ ውስጥ የአውግስጦስ ሮምና የልብነ ድንግል ሐበሻ ጎን ለጎን ይታሰራሉ። የኦርቴሊየስን ቅጠል የሚገዛ ሰው ጀርባውን ያገላብጥ፤ በስተጀርባ የታተመው ጽሑፍ ቋንቋና የገጽ ቁጥር ከየትኛው ኅትመት እንደተገነጠለ ይነግረዋል።

መገንጠል ካልኩ ዘንዳ እዚህ ላይ ልቁም። ገበያ ላይ ያሉ ነጠላ ካርታዎች አብዛኞቹ አንድ ጊዜ መጽሐፍ ነበሩ። አንድ አትላስ ሙሉውን ከሚሸጥ ቅጠል በቅጠል ቢሸጥ ብዙ ገንዘብ ስለሚያወጣ ነጋዴዎች ይበትኑታል። እኛ ይህን ክፋት በደንብ እናውቀዋለን። ከብራና መጻሕፍት ላይ የተገነጠሉ ቅጠሎች ለቱሪስት ሲሸጡ በአገራችን የታየ ነው፤ ድጓው ከነምልክቱ፣ ተአምሩ ከነሥዕሉ ተገንጥሎ ሄዷል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው መቅደላ ያኖሯቸው መጻሕፍት በ1868 በእንግሊዝ ጦር ተወስደው 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። በዚያው ቤት የበጥሊሞስ ኅትመቶችም አሉ። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሰው ምክሬ ግልጽ ነው፤ ጥሩ ቅጂ ግዛ፣ የተገነጠለ ቅጠል አትግዛ፤ የአገርህንም ብራና አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) እንደሚያዝዘው ካለፈቃድ ከአገር እንዲወጣ አትተባበር።

ጣና ወደ ቦታው የተመለሰው በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ሚስዮናውያን እጅ ነው። ኢየሱሳውያኑ ሃይማኖታችንን ለመለወጥ የመጡ ናቸው፤ አገሩን በዚህ ምክንያት ደም አቃብተዋል፣ ይህን አልሸፋፍነውም። ካርታቸው ግን መልካም ካርታ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 የግልገል ዓባይን ምንጭ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር አየ። ማኑኤል ደ አልሜይዳ በአስትሮላብ የፀሐይን ከፍታ እየለካ ኬክሮስ አወጣ፤ ደንቀዝንና ጎርጎራን እግሩ ረግጧቸዋል። ካርታው በባልታዛር ቴሌዝ መጽሐፍ በ1660 ሲታተም ጣና ከምድር ወገብ ተነሥቶ በቦታው አካባቢ ቁጭ አለ። ፋሲለደስ በ1636 የመሠረቷት ጎንደር ገና ወጣት ነበረች፤ አልሜይዳ ከአገር ሲወጣም አልተቆረቆረችም ነበር።

ከዚያ አባ ጎርጎርዮስ አሉ። የአምሐራው መካነ ሥላሴ ተወላጅ፣ ሮም ውስጥ በ1649 ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ እስከ ጎታ ሄደው አብረውት ሰነበቱ። ሉዶልፍ ግእዝና አማርኛ የተማረው፣ የአገሩን ነገር የጠየቀው ከሳቸው ነው። ሉዶልፍ በ1681 «የኢትዮጵያ ታሪክ»ን አሳተመ፤ በ1683 ካርታውን ቀረጸ። ከቴሌዝ ካርታ የወሰደውን ከጎርጎርዮስ ቃል ጋር አመሳክሮታል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ካርታ ይህ ነው፤ የተለካው ቁጥርና የሚያውቀው ሰው ምስክርነት በአንድ ወረቀት ላይ የተገናኙት በእሱ ነውና። ጎርጎርዮስ ግን አላዩትም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከቡ ሰጥሞ ባሕር በላቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ዝርዝር ብዙ ነው፤ በጥድፊያ ልለፈው። ሐኪሙ ፖንሴ በታላቁ ኢያሱ ዘመን፣ በ1699 ጎንደር ገባ፤ ደሊል በ1707 የግብፅን፣ የኑቢያንና የሐበሻን ካርታ አወጣ። ብሩስ ከባድ የነሐስ ኳድራንቱን ይዞ ገደል ለገደል ወጥቶ የጎንደርን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ብሎ ለካ፤ ዛሬ 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ገደማ ነው የምንለው፣ ልዩነቱ የጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜንንና ጎንደርን አየ፤ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ በሳይንስ ስማቸው ላይ የእሱ ስም ተያይዞ የሚጻፈው ለዚህ ነው። አንትዋን ዳባዲ ከ10 ዓመት በላይ በአገራችን ተቀምጦ ከተራራ ተራራ በማዕዘን እየለካ «የኢትዮጵያ ጂኦዴዚ»ን አሳተመ። ሮም ከዚህ ሁሉ ውስጥ የለችም፤ የበጥሊሞስ ዘመን እዚህ ላይ ያበቃ ይመስላል።

አላበቃም። በ1934 ሮም ከተማ ውስጥ፣ ሙሶሊኒ ባስከፈተው የኢምፓየር መንገድ ዳር፣ በማክሴንቲየስ ባዚሊካ ግድግዳ ላይ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ተሰቀሉ። የመጀመሪያው ሮምን እንደ አንዲት ነጭ ነጥብ ያሳያል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ነጩ እየሰፋ ይሄዳል፤ በአራተኛው፣ በትራያን ዘመን፣ ሜዲትራንያንን ዙሪያውን ይከባል። ጣልያን አዲስ አበባ ገብቶ ሙሶሊኒ ኢምፓየር ተመለሰ ካለ በኋላ በዚያው በ1936 አምስተኛ ካርታ ተጨመረ። በእሱ ላይ ኢትዮጵያም እንደ ሊቢያ፣ እንደ ኤርትራና እንደ ሶማሊያ በኢጣልያ ቀለም ተቀብታ ነበር። ሮማውያን አክሱምን በንግድና በመልእክተኛ ያውቋት ነበር እንጂ ገዝተዋት አያውቁም፤ የበጥሊሞስ ካርታ ራሱ የአክሱምን ንጉሥ ቤተ መንግሥት ከሮም ግዛት ውጭ ነው ያስቀመጠው። አምስተኛው ካርታ ስለዚህ በድንጋይ የተጻፈ ውሸት ነበር።

ያ ውሸት የፈረሰው ደግሞ እዚሁ ጎንደር ነው። ጣልያን ጎንደርን የአማራ ግዛት ዋና ከተማ አድርጎ አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦዚዮ ፕላን ሠራላት፤ በፒያሳ ያሉት ሕንፃዎችና በሊማሊሞ የተጠመዘዘው መንገድ ዛሬም የዚያ ዘመን ሥራ መሆናቸውን ይመሰክራሉ። በ1938 የታተመው የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ የጎንደር ካርታ አለ። እንደ ካርታ ንጹሕ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ከሰበሰብኳቸው ቅጂዎች አንዱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጣልያን ምሽግ የነበረው ወልቀፊት በሴፕቴምበር 1941 መጨረሻ ወደቀ፤ ቁልቋል በር በኖቬምበር ወር በከባድ ውጊያ ተያዘ፤ ኖቬምበር 27 ቀን 1941 ጄኔራል ናዚ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ የጣልያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ የነበረችው ይህች ከተማ ናት። አምስተኛው ካርታ ከጦርነቱ በኋላ ከግድግዳው ወረደ። አራቱ እስከ ዛሬ እዚያው አሉ፤ የአምስተኛው ቦታ ባዶ ነው።

የኢትዮጵያ ካርታ ለሚፈልግ ሰው አዲስ አበባ ላይ በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይጠቅማል። የፖይቲንገር ሰሌዳም የፍራ ማውሮ ካርታም በከፍተኛ ጥራት ፎቶግራፍ ተነሥተው በኢንተርኔት ይታያሉ። ጎንደር ላይ ግን ተማሪ ገብቶ እነዚህን ቅጠሎች ጎን ለጎን የሚያይበት ግድግዳ አላገኘሁም። ውድ ነገር አያስፈልግም፤ ስድስት ቅጂ፣ ጥሩ ብርሃን፣ በየቅጠሉ ሥር በአማርኛ የተጻፈ ማብራሪያ ይበቃል። በጥሊሞስ፣ ኮስማስ፣ ፍራ ማውሮ፣ ኦርቴሊየስ፣ አልሜይዳ፣ ሉዶልፍ። ልጆቻችን ጣና በአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ከምድር ወገብ ተነሥቶ እንዴት ወደ ደምቢያ እንደመጣ በጣታቸው ሊከተሉት ይችላሉ። አገራችንም የራሷ የካርታ ልማድ አላት፤ በአንዳንድ ብራናዎች ላይ አክሱምን ከመሃል አድርጎ አውራጃዎችን ዙሪያዋን የሚያሰፍር ክብ ሥዕል ይገኛል፤ እሱም በዚያ ግድግዳ ላይ ቦታ ይገባዋል።

ከፊቴ ያለው ሥራ የፒየትሮ ዴል ማሳዮ ካርታ ነው። በእሱ ላይ ያሉ ብዙ የቦታ ስሞች ከመነኮሳቱ አፍ ወጥተው በጣልያን ጆሮና በላቲን ፊደል ሲያልፉ ተበላሽተዋል። ሊቃውንት አንዳንዶቹን ፈትተዋቸዋል፤ ሌሎቹን ለመፍታት አገሩን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ስሞቹን በአማርኛ ፊደል በትልቁ ጽፌ በአንድ ወረቀት ላይ አሰናድቻለሁ። ከመስቀል በኋላ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ወደ ደምቢያና ወደ ጎርጎራ ይዤው እወርዳለሁ፤ ለሽማግሌዎች አንድ በአንድ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፣ ይህን የሚመስል ኮረብታ፣ ወንዝ ወይም ደብር ታውቃላችሁ ወይ እያልኩ።